የጸደይ አበባ መደብ፦ ከአፈሩ እስከ አበባ ማስቀመጫው

በጸደይ ጠዋት ከአልጋዬ እንደወረድኩ መጀመሪያ የምሄደው ወደ አበባ መደቤ ነው። ትንሽ ናት። ርዝመቷ ሁለት ሜትር፣ ወርዷ አንድ ሜትር። ግን ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አታጣም። ማታ ተጨብጦ የተውኩት እንቡጥ ጠዋት ተፈትቶ ይጠብቀኛል። ትናንት ባዶ የነበረ አፈር ላይ ዛሬ ሁለት ቅጠል ያላት ቡቃያ ብቅ ብላለች። አንዲት ንብ ቀድማኝ ሥራ ጀምራለች። አሥር ደቂቃ ያህል ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ። ያቺ አሥር ደቂቃ ቀኔን ታቃናልኛለች።

«እኔ ተክል አይሆንልኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የተከሉትን በደንብ ተክለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሄደው አላዩትም። አበባ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይደለም። ምልክት ያሳያል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ጫፉ ይጠቀለላል፣ አፈሩ ይሰነጠቃል። በየቀኑ የሚያየው ሰው ሁለት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ ያድነዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ በዚያች የጠዋት ጉብኝት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። መትከሉን እንደ አንድ ቀን ሥራ፣ ጉብኝቱን እንደ ወቅቱ ሙሉ ደስታ ያዙት።

1. ቦታውን ምረጡ፣ ትንሽም አድርጉት

ጸደይ ሲመጣ ሁሉንም ነገር መትከል ያምራል። ቢያምርም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ካሬ ሜትር አትለፉ። እኔ መጀመሪያ ጓሮውን በሙሉ ቆፍሬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አረሙ በለጠኝ፣ ከዚያ ወዲያ ጓሮውን ማየት ራሱ ሸክም ሆነብኝ። በሁለተኛው ዓመት አንድ መደብ ብቻ ሠራሁ። ያን ዓመት ነው አበባ መትከል የወደድኩት።

አብዛኞቹ የጸደይና የበጋ አበቦች በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ይህን በግምት አትወስኑ። አንድ ቀን ቤት በምትውሉበት ጊዜ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። በዱላ ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉ። የዛፍ ቅጠል ገና ካልወጣ ጥላው በኋላ እንደሚጨምር አስቡ።

ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛው ውሃ ነው። ቧንቧው ወይም በርሜሉ ሩቅ ከሆነ ማጠጣት ይሰለቻል። ሁለተኛው መደቡ በየቀኑ ከምታልፉበት መንገድ ወይም ከምትቀመጡበት መስኮት መታየቱ ነው። ከቤት ጀርባ የተደበቀ መደብ ይረሳል። ግቢ የሌለው ሰው ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ ከሥሩ ቀዳዳ ባላቸው ማሰሮዎች ይህንኑ ሁሉ መሥራት ይችላል። ማሰሮ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃው ብቻ ይበዛል።

2. አፈሩን ጨብጡት

ለእኔ የጸደይ ትልቁ ደስታ እዚህ ይጀምራል። እጅን አፈር ውስጥ መክተት። አፈር ሲገላበጥ የሚወጣውን ያንን የታወቀ ሽታ የሚሠሩት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። የሚያወጡት ንጥረ ነገር ጂኦስሚን ይባላል። የሰው አፍንጫ ይህን ሽታ እጅግ በጣም ትንሽ በሆነ መጠን እንኳ ይለየዋል። ስትቆፍሩ ያ ሽታ ከመጣ አፈሩ ሕይወት አለው ማለት ነው። የሚጎመዝዝ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለው ደግሞ ውሃ ታቁሮበታል፣ አየርም አጥሮታል።

አሁን ሙከራው። አፈሩ ትንሽ ረጠብ ሲል አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከፈረሰ አሸዋ ይበዛዋል። ውሃም ማዳበሪያም አይዝም። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረና በጣት ሲነካም ካልፈረሰ ሸክላ ይበዛዋል። ውሃ ይይዛል፣ ሥር ግን አያስገባም። ተጨብጦ ቆይቶ በጣት ነካ ሲደረግ ፍርፍር የሚል ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ጥሩ አፈር ነው።

የሚገርመው ለሁለቱም ችግር መድኃኒቱ አንድ መሆኑ ነው፤ ኮምፖስት ወይም በደንብ የተብላላ ፍግ። አሸዋውን ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ሸክላውን ይከፋፍተዋል። በመደቡ ላይ አምስት ሴንቲሜትር ውፍረት አልብሱት። ለሁለት ካሬ ሜትር መደብ ይህ 100 ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ባልዲ አምስት ጊዜ። ከዚያ ከላይኛው 15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉት። ፍጉ ትኩስ ከሆነ አትጠቀሙበት። ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። የተብላላ ፍግ ጥቁር ነው፣ በእጅ ይፈረፈራል፣ የእበት ሽታ የለውም።

ሸክላ አፈር ላይ አሸዋ እንጨምር የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። እባካችሁ አታድርጉት። ትንሽ አሸዋ ከሸክላ ጋር ሲደባለቅ አፈሩን እንደ ጡብ ያደርቀዋል።

ሌላው ነገር፣ አፈሩ ጭቃ ሲሆን አትቆፍሩ። ጭቃ ስትረግጡት አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን ብትታገሡ ወቅቱን ሙሉ ትጠቀማላችሁ።

ውሃ እንደሚያሳልፍ ለማወቅ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። በሰዓት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ጥሩ ነው። ውሃው ተኝቶ ካደረ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩ።

3. ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆኑ አበቦች

ዘር የሚሸጥበት ቦታ ስትገቡ በፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ይጠራችኋል። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ምረጡና ከእያንዳንዱ በርከት አድርጋችሁ ዝሩ። አሥር ዓይነት አንድ አንድ ሲተከል መደቡ የተዝረከረከ ይመስላል። አንድ ዓይነት በሦስት ወይም በአምስት ተሰብስቦ ሲያብብ ግን ዓይን ያሳርፋል።

ለጀማሪ ዚኒያን የሚያህል አላውቅም። ዘሩ በእጅ የሚያዝ ነው፣ በአራት እስከ ሰባት ቀን ይበቅላል፣ በተቆረጠ ቁጥር ይበዛል። የሜክሲኮ ተወላጅ ስለሆነ ሙቀት ይወዳል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1727 እስከ 1759 ከኖረው ጀርመናዊው ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ነው። ዚን የዕፅዋት ሊቅ ብቻ ሳይሆን ዓይንን ያጠና ሐኪምም ነበር። የዓይናችንን ሌንስ ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ክሮችም በእሱ ስም ይጠራሉ። የዚኒያን ቀይና ብርቱካናማ በምናይበት ዓይን ውስጥም ስሙ አለ ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ዚኒያን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ኮስሞስ ቀጭን፣ በንፋስ የሚወዛወዝ አበባ ነው። ደካማ አፈር ይስማማዋል። ማዳበሪያ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ያወጣል። ናስተርሺየምም እንደዚሁ ነው። ቅጠሉ ክብ እንደ ትንሽ ጃንጥላ ሲሆን ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ውሃው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ማሪጎልድ አጭር ስለሆነ ለመደቡ ጠርዝ ይሆናል፣ አበባውም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሱፍ ከተከላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሱፍ ገና በማደግ ላይ እያለ ቀን ፀሐይን ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራል፣ ሌሊት ተመልሶ ይጠብቃታል። አበባው ሲበስል ግን መዞሩን ያቆምና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ወደ ምሥራቅ ያየ አበባ ጠዋት ቶሎ ስለሚሞቅ ንቦች እንደሚያዘወትሩት አሳይቷል። ለእኛ ይህ ማለት ሱፉን ከመቀመጫችን በስተ ምዕራብ መትከል ነው። አለበለዚያ ወቅቱን ሙሉ ጀርባውን ስናይ እንከርማለን።

ልጆች ወይም ድመትና ውሻ ያለበት ቤት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት መርዛማነቱን ጠይቁ። ኦሊያንደርና ፎክስግሎቭ ለሰውም ለእንስሳም አደገኛ ናቸው። እውነተኛ ሊሊ የድመት ኩላሊት ይጎዳል፤ የአበባው ብናኝ እንኳ በቂ ነው። ዚኒያና ሱፍ ግን አያሳስቡም።

4. መዝራት

ብርድ በሚበረታበት አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ ሳያልፍ ዚኒያ፣ ኮስሞስና ማሪጎልድ ደጅ አትዝሩ። አንድ ሌሊት ውርጭ ይጨርሳቸዋል። ውርጭ በሌለበትም ቢሆን አፈሩ ይሙቅ። ለዚኒያ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጠዋት መዳፋችሁን አፈሩ ላይ አንድ ደቂቃ አሳርፉ። እጃችሁ ከቀዘቀዘ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የገባ ዘር ከመብቀል ይልቅ ይበሰብሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞቅ ባለ አፈር የተዘራው ደርሶ ይቀድመዋል።

ጥልቀቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ዘሩን በራሱ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አፈር አልብሱት። ዚኒያና ማሪጎልድ ግማሽ ሴንቲሜትር ይበቃቸዋል። ሱፍ ሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ይወርዳል። የናስተርሺየም ዘር ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ቅበሩት። እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር፣ ለምሳሌ ፔቱኒያ፣ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ከላይ በትናችሁ በጣት ጫን ጫን አድርጉት እንጂ አታልብሱት።

መጀመሪያ አፈሩን አርጥቡ፣ ከዚያ ዝሩ። ዘርቶ ውሃ መድፋት ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። በዘራችሁበት ቦታ የአበባውን ስም የጻፋችሁበት ስንጥር ትከሉ። ይህን የዘለለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የራሱን ቡቃያ አረም ነው ብሎ ይነቅላል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ይህን ጊዜ እወደዋለሁ። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ጎንበስ ብላችሁ በጎን በኩል አፈሩን ተመልከቱ። ቡቃያው ከመውጣቱ በፊት አፈሩ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ስንጥቅ ይፈጠራል። ከዚያ አንገቷን ያቀረቀረች ነጭ ግንድ ትወጣለች። በማግስቱ ቀና ብላ ሁለት ቅጠል ትዘረጋለች። አንዳንዴ የዘሩ ልጣጭ እንደ ቆብ ከላይዋ ላይ ይቀራል። እንዳትላጡላት፤ ራሷ ትጥለዋለች።

ቡቃያዎቹ ሁለተኛውን ጥንድ ቅጠል ሲያወጡ ማሳሳት ይመጣል። ይህ ሥራ ያሳዝናል፤ የበቀለ ነገር መንቀል ያስጨንቃል። ግን ግዴታ ነው። ለዚኒያ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር፣ ለኮስሞስ ከ30 እስከ 40፣ ለማሪጎልድ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት ተዉ። ስትነቅሉ የጎረቤቱ ሥር እንዳይነቃነቅ ከሥሩ በመቀስ ቁረጡት።

5. ችግኝ ገዝታችሁ ከሆነ

አበባ ያበበበትን ችግኝ ሳይሆን አጭር፣ ደንዳና፣ ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነውንና ገና እንቡጥ ላይ ያለውን ምረጡ። ያበበው መደብ ላይ ቢያምርም ጉልበቱን ጨርሷል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከማሰሮው ወጣ አድርጋችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ ጤነኛ ነው።

በጥላ ውስጥ ያደገ ችግኝ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይቃጠላል። ከሰባት እስከ አሥር ቀን አለማምዱት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ያለበት ደጅ፣ ከዚያ በየቀኑ ጨምሩለት፣ በመጨረሻም ሌሊት ደጅ ያድር። ስትተክሉት ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ይሁን። ማሰሮው ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት። ሥሩ ተጠቅልሎ ከሆነ በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉት። ከዚያ አጠጡት።

6. ውሃ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

መጀመሪያ በተከልኩበት ዓመት ቡቃያዎቼን ማታ ማታ አጠጣ ነበር፣ በየቀኑ። እንክብካቤ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስወጣ ግማሾቹ ተኝተዋል። ግንዳቸው አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ እንደ ክር ቀጥኗል። ያ ቡቃያን የሚያጋድም በሽታ ነው። እርጥብና አየር በማያገኝ አፈር ውስጥ የሚባዛ ሻጋታ ያመጣዋል። አንዴ የወደቀ ቡቃያ አይነሣም። መከላከያው የአፈሩ ገጽ በውሃና በውሃ መሀል ደረቅ እንዲል መተው ነው።

ዘሩ እስኪበቅል ድረስ አፈሩ ሳይደርቅ እንዲቆይ በስሱ በቀዳዳማ ማጠጫ አርከፍክፉ። ተክሉ ከተያዘ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አልፎ አልፎ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የጠጣ ተክል ሥሩን ከላይ ይዘረጋል፣ አንድ ቀን ስትዘነጉ ይጠወልጋል። ጠልቆ የጠጣ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። መነሻ የሚሆን ቁጥር ልስጣችሁ። ዝናብን ጨምሮ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ገደማ። ለኔ መደብ 50 ሊትር ይሆናል፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ከፍዬ አጠጣዋለሁ። አሸዋማ አፈር ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፣ ሸክላ ደግሞ ይታገሣል።

ከቁጥሩ ይልቅ ጣታችሁን እመኑ። አምስት ሴንቲሜትር ያህል አፈር ውስጥ ክተቱት። ርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። እኩለ ቀን ላይ የጠወለገ ቅጠል ሁልጊዜ ጥማት አይደለም። በሙቀት ምክንያት የሚወጣው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ስለሚበልጥ ነው። አመሻሽ ላይ ቀና ካለ ምንም አልሆነም። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኛችሁት ያኔ በእርግጥ ጠምቶታል፣ ወይም ሥሩ ውሃ በዝቶበት ታፍኗል። የቱ እንደሆነ ጣት ይነግራችኋል።

የምታጠጡት ጠዋት ይሁን፣ ሥሩ ላይ ይሁን። ማታ ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ሻጋታ ይወዳል። ተክሎቹ 15 ሴንቲሜትር ያህል ሲያድጉ በመሀላቸው የደረቀ ሣር ወይም ቅጠል አምስት ሴንቲሜትር ያህል ጎዝጉዙ። ርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ግንዱን ግን አይንካ።

7. መቀንጠስ

ዚኒያና ኮስሞስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ሲደርሱ ጫፋቸውን ቀንጥሱ። ከሥር ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ትታችሁ ልክ ከላይኛው ጥንድ በላይ። መጀመሪያ ሳደርገው እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። አንድ ወር ስጠብቀው የኖርኩትን እንቡጥ ነበር የቆረጥኩት። በሁለት ሳምንት ግን አንድ ግንድ የነበረው አራት ሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የተክሉ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ታች ይልካል። ሆርሞኑ ከጎን ያሉ እንቡጦች እንዳይነሡ ይይዛቸዋል። ጫፉ ሲነሣ ያ መቆጣጠሪያ ይላላል፣ ጎኖቹ ሁሉ ያቆጠቁጣሉ። አንድ ግንድና አንድ ትልቅ አበባ ብቻ የሚያወጣ ሱፍ ግን አይቀነጠስ። ያቺን አንድ አበባ ታጣላችሁ።

ማበብ ከጀመሩ በኋላ ደግሞ የጠወለገውን አበባ መልቀም የጠዋቱ ጉብኝት ዋና ሥራ ይሆናል። አበባ ለተክሉ ወደ ዘር የሚወስድ መንገድ ነው። ዘሩን ካፈራ ማበቡን ይቀንሳል። የጠወለገውን ካነሣችሁበት እንደገና ይሞክራል። አበባውን ብቻ ሳይሆን ግንዱን ጭምር፣ እስከሚቀጥለው ጥንድ ቅጠል ድረስ ቁረጡ። ቡና ወይም ሻይ በአንድ እጅ፣ መቀስ በሌላው። ከዚህ የሚያሳርፍ ሥራ ያለ አይመስለኝም።

ጽጌረዳ ካላችሁ የምትገርዙት በጸደይ መግቢያ እንቡጦቹ ማበጥ ሲጀምሩ ነው። መጀመሪያ የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አንሡ። ከዚያ ወደ ውጭ ከሚያይ እንቡጥ ግማሽ ሴንቲሜትር ከፍ ብላችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። እንቡጡ ወደ ውጭ ሲያድግ መሀሉ አየር ያገኛል። ጓንት አድርጉ፤ እሾህና አፈር አብረው የቴታነስ አደጋ ስላለባቸው ክትባታችሁ ያላለፈበት ይሁን።

8. ተባይ ሲመጣ

ይመጣል። አትደንግጡ። ለስላሳ ጫፍ ላይ ተሰብስበው የምታዩአቸው ትንንሽ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነፍሳት ክሽክሽ ናቸው። የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣሉ፤ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይጣበቃል። መጀመሪያ በጠንከር ያለ ውሃ እጠቡአቸው። ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሙት። ካልለቀቁ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ርጩ። አስቀድማችሁ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት፤ በማግስቱ ካልተቃጠለ ቀጥሉ።

ክሽክሽ ባለበት ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ ግን ምንም አትርጩ። ክሽክሽ ትበላለች። ጫጩቷ ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ አስቀያሚ ትል ትመስላለች፤ ሰው ጠላት መስላው ይገድላታል። እሷም ትበላቸዋለች።

ሌሊት ቅጠል የሚበሳው ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ነው። ሲመሽ ባትሪ ይዛችሁ ወጥታችሁ በእጅ ልቀሙ። የዚኒያ ቅጠል ላይ አመድ የተነሰነሰ መስሎ የሚታየው ነጭ ነገር ሻጋታ ነው። የተጎዳውን ቅጠል ልቀሙ፣ ተክሎቹ ተጨናንቀው ከሆነም አሳሱ።

መርዝ ያልተረጨበት መደብ ሌላ ጥቅም አለው፤ ንብ ይመጣል። አንድ ቀን ወንበር አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ብቻ ተቀመጡና የት የት እንደምታርፍ ቁጠሩ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ስኳር ውሃ በሰማያዊ ካርድ ላይ አስቀምጦ ንቦችን በማስለመድ ቀለም እንደሚለዩ አሳይቷል። በንብ ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ንብ ቀይን አታይም፤ ለእኛ የማይታየንን አልትራቫዮሌት ግን ታያለች። ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆነ አበባ ለእሷ መሀሉ ላይ ምልክት ያለው ሊሆን ይችላል። ንብ እንዲበዛላችሁ ከፈለጋችሁ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ ጨምሩ፤ ቅጠላቸው የተደራረበውን ሳይሆን መሀላቸው ክፍት የሆነውን ምረጡ።

9. ወደ ቤት ማስገባት

አበባውን መቁረጥ የሚሳሳ ሰው አለ። ዚኒያና ኮስሞስ ግን በተቆረጡ ቁጥር ይበዛሉ፤ ስለዚህ ሳትሰስቱ ቁረጡ። ጤዛው ሳይደርቅ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

ዚኒያ ለመቆረጥ መድረሱን የምታውቁት እንዲህ ነው። ከአበባው ሥር 20 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ግንዱን ያዙና ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። አንገቱ ከተጣጠፈ አልደረሰም፤ ብትቆርጡት ይጠወልጋል። ቀጥ ብሎ ከተወዛወዘ ደርሷል። ኮስሞስ ግን የአበባው ቅጠሎች መከፈት ሲጀምሩ ይቆረጣል።

ግንዱን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከውሃው በታች የሚገባውን ቅጠል በሙሉ አንሡ። ቅጠል ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያ ይፈጥራል፣ ግንዱንም ይደፍነዋል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ስትቀይሩም ግንዱን ትንሽ ቁረጥ አድርጉት። ማስቀመጫው የሚያምር መሆን የለበትም። እኔ የማርማላታ ጠርሙስ ነው የምጠቀመው። ሦስት ዚኒያና ሁለት ኮስሞስ ይበቁታል። ለጎረቤት ስወስድም ጠርሙሱን አብሬ እሰጣለሁ።

10. ለሚቀጥለው ዓመት ዘር

ወቅቱ ሲያልቅ ከሁሉ የሚያምረውን ዚኒያ ሁለት ሦስት አበባ ሳትቆርጡ ተዉ። ራሱ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ቁረጡት። በእጃችሁ ስትፈትቱት ዘሩ ከደረቀው የአበባ ቅጠል ግርጌ ተያይዞ ይወጣል፤ ጠፍጣፋ፣ የቀስት ጫፍ የሚመስል። ዲቃላ ተብሎ የተሸጠ ዘር ከሆነ የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ይችላል። እኔ ግን እሱንም እዘራለሁ፤ ያልጠበቅኩት ቀለም ይመጣልኛል።

ዘሩን ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ከፀሐይ ራቅ ባለ ቦታ አንድ ሳምንት አድርቁት። ከዚያ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቱት፤ ፕላስቲክ ርጥበት ይይዛል። ፖስታው ላይ የአበባውን ስም፣ ቀለሙንና የሰበሰባችሁበትን ወር ጻፉ። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት። ከውስጡ አሥር ፍሬ ለይታችሁ በሌላ ፖስታ አድርጉና «እኔ ተክል አይሆንልኝም» ለሚል ሰው ስጡት።